የተቧጠጠው ሲሚንቶ

የግንበኞቹ አለቃ ተክለማርያም ሬሳ የተገኘው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠግነው በኖረው ግንብ ሥር ነው። ማጅራቱ በድንጋይ ተመትቷል። ከኮልፌ ወጣ ብሎ ያለውን የሐይቅ ዳርቻ ከሞገድ የሚከላከለው ግንብ አርጅቷል፤ ውኃው ሥሩን ቦርቡሮታል። ባሕር ዛፍ የከበበው ያ ውብ ሐይቅ በዚያ የ1970 ኅዳር ጠዋት ለማንም አላማረም።

መርማሪው ሻምበል ይገዙ ሲደርስ የአብዮት ጥበቃው መሪ ኃይለመስቀል ግንበኛውን አሰፋን አስሮ ጠበቀው።

«ትናንት ከአለቃው ጋር ተጣልቷል፣ ጓድ ሻምበል። አሻጥረኛ ነው፤ እርምጃ ይወሰድበታል!»

«ቤቴል ወንድሜ ቤት ነው ያደርኩት!» አለ አሰፋ እያለቀሰ።

«በበሩ አላለፈም» አለ የሠራተኞቹ ግቢ ዘበኛ ጉልላት። «ግቢ ያደርነው ጋሼ ተክሌ፣ እኔና ምግብ አብሳያችን ሰርኬ ብቻ ነን።»

«አጥር ዘሎ ነዋ!» አለ ኃይለመስቀል።

ይገዙ ወደ ውኃው ወረደ። ከሬሳው አጠገብ፣ ግንቡ ሥር፣ ሰው አጎንብሶ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። አፉ በድንጋይ ተደፍኖ ነበር፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ግን በጣት ተቧጥጦ ድንጋዩ ተነቅሏል፤ የአለቃው የግንባታ መሣሪያ እዚያው ወድቋል። ጎንበስ ሲል ትኩስ ቆጮ ሸተተው። ከጨለማው ውስጥ የታፈነ ሳል ሰማ።

«ምን አለ እዚያ?» ኃይለመስቀል ከላይ ጮኸ።

«ውኃ ነው» አለ ይገዙ።

ሰርኬን ማድቤት አገኛት፤ ያው የቆጮ ሽታ እዚያም አለ። ጣቶቿ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ምድጃ ፈጀኝ።»

«ልጅ አለዎት?»

«አንዲት፤ የኔነሽ። አብዮት ጥበቃ ይፈልጋታል። የት እንዳለች አላውቅም።»

ከውጭ የአሰፋ ጩኸት ተሰማ። መኪና ላይ እየጫኑት ነው። ይገዙ ሮጦ ወጣና አስቆማቸው፤ ሁሉንም ሰበሰበ።

«ገዳዩ መትቶ አልሸሸም። የተደፈነውን ቀዳዳ ከፈተ፤ ያውም በጣቱ። መሣሪያ እዚያው ወድቆ ሳለ ግንበኛ በጣቱ አይቧጥጥም። እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ ቆዳ ይልጣል። የአሰፋን እጅ እዩ፣ ቁስል የለውም። የጉልላትም እንዲሁ።»

«ለምን ይከፍተዋል?» ኃይለመስቀል ወደ ግንቡ ዞረ።

ይገዙ በኃይለመስቀልና በግንቡ መሃል ገብቶ ቆመ። ቢናገር የኔነሽ ትያዛለች፤ ዝም ቢል አሰፋ ይረሸናል።

ሰርኬ ጨርቁን ፈታች። ጣቶቿ ተልጠዋል።

«እኔ ነኝ። ሰደበኝ፣ መታሁት። ቀለበቴ ሲሚንቶው ውስጥ ወድቆ ነው የቧጠጥኩት።»

«አምናለች» አለ ይገዙ ፈጠን ብሎ። «አሰፋን ፍቱት። ሥራው ይቁም፤ እስክመለስ ማንም ግንቡ ጋ አይድረስ። ጓድ ኃይለመስቀል፣ ምስክር ስለሆንክ ከነሰዎችህ ተከተለኝ።»

ወደ መኪናው ሲወስዳት ሰርኬ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ደግ ሰው ነበሩ። ማታ ለብቻቸው ሲሠሩ፣ ውስጥ የተደበቀችውን ልጄን ሳያውቁ ከነነፍሷ እየደፈኑባት ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ ይተዉት ብላቸው ‹ግንቡ ይፈርሳል› አሉኝ። ለምን እንደሆነ እንዴት ልንገራቸው?»

ይገዙ የመኪናውን በር ከፈተላት።

ኃይለመስቀል አጠገቧ ተቀመጠ። መኪናው ወደ 18 ማዞሪያ ሲወርድ ሐይቁ በኋላው መስኮት ለረጅም ጊዜ ይታይ ነበር። ሰርኬ አንዴም ዞር ብላ አላየችውም።