አዲሱ ስልክ ያጸዳው ፎቶ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥገና ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎችና ሦስት ስልኮች ናቸው። ከሰዎቹ አንዱ ባለ ሱቁ ነው፤ ስልክ ጠጋኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ። ሁለተኛዋ እሱ ያሳደጋት የእህቱ ልጅ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሣ ክፍል ውስጥ ጭራሮ ይሏታል። ሦስተኛው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከጭራሮ ጋር አንድ ዴስክ የሚጋራው ልጅ ነው። እሱን ኢንች ይሉታል። አጭር ስለሆነ ነው ይባላል፤ እሱ ግን የማንኛውንም ስልክ ስክሪን በዓይኑ ለክቶ ስለሚናገር ነው ባይ ነው።

ከስልኮቹ አንዱ የኢንች ታላቅ እህት ንብረት ነው፤ ከአዲሱ ስልክ አምራች ጋር የሚቀናቀን ድርጅት ምርጥ ስልክ፣ በልመናና በመሐላ የተገኘ። ሌላው የጠጋኙ የራሱ ነው፤ ጀርባው ሁለቴ የተቀየረለት ያምና ስልክ። ሦስተኛው፣ አዲሱ፣ ገና ከካርቶኑ አልወጣም።

«እጅሽን ታጠብሽ?» አለ ኢንች።

«ታጥቤያለሁ።»

«በሳሙና?»

«ስልክ ነው የምይዘው አራስ ልጅ?»

ኢንች አልሳቀም። ዛሬ የሚሳቅበት ቀን አልነበረም። እስከ ዛሬ የሠሯቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ለጥገና በመጡ አሮጌ ስልኮች ላይ ነበሩ። ኢንች ይቀርጻል፣ ያቀናብራል፤ ጭራሮ ትናገራለች። ፊቷ አይታይም፤ የሚታየው እጇ፣ የሚሰማው ድምጿ ነው። ያየችውን ብቻ ስለምትናገር ሰው ያምናታል። አዲሱን ስልክ ያመጣው አከፋፋዩም ጠዋት የነገራቸው ይህንኑ ነው። «የልጅቷ ድምፅ ከማስታወቂያ ይሻላል» አለ። «እስከ ማታ ከእናንተ ጋር ይዋል። ቪዲዮው ካማረ፣ የዚህ ስልክ ሕጋዊ ጠጋኝ የሚለው ሰሌዳ እዚህ በር ላይ ይሰቀላል።»

ጠጋኙ ከዚያ ወዲህ ሱቁን ሁለት ጊዜ ጠርጓል። ከመንገዱ ማዶ በሩ በራሱ የሚከፈት ባለ መስታወት ጥገና ቤት ከመጣ ወዲህ ደንበኛው እየተሻገረ ሄዷል። ጠጋኙ አብዛኛውን ቀን ዝንብ እሽ ሲል ነው የሚውለው። ስለ ሰሌዳው አንድም ነገር አልተናገረም፤ ግን ሁለት ጊዜ ወጥቶ የበሩን ግንብ በመዳፉ ሲዳስስ ጭራሮ አይታዋለች።

ካርቶኑ ተከፈተ። ኢንች መቅረጽ ጀመረ።

«መጀመሪያ የተሰማኝ ቅለቱ ነው» አለች ጭራሮ፣ ስልኩን እያገላበጠች። «ያኛውን ተቀናቃኙን ስይዘው ጡብ የያዝኩ ይመስለኛል፤ ይሄ እጅ አያደክምም። ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አውጥቼው በደንብ ይነበባል። ያምናው ደግሞ ጌም ሲከፈትበት ምጣድ ነው የሚሆነው።»

«እኔ ፊት ስልኬን አትስደቢ» አለ ጠጋኙ ከጀርባ።

«አጎቴ፣ ተቀረጸ እኮ።»

«ይቀረጽ። ለእሱም ጠበቃ ያስፈልገዋል።»

ሁሉም ሳቁ። አዲሱ ስልክ በእርግጥ ጥሩ ነበር። ቻርጅ ሲደረግ ይፈጥናል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ጭራሮ አንዱንም አልዋሸችም። የራሷን ፊት በሦስቱም ስልኮች አንስታ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን በአዲሱ ላይ ያለችው ጭራሮ ትንሽ አምራ ትታይ ነበር።

«እይ፣ ብጉርሽን ጠርጎልሻል» አለ ኢንች። «ማርያም የሳመችሽንም ጭምር። ፀዴ ስልክ ነው።»

«ፊቴን መታጠብ ላቆም ነው በለኛ» አለችና አብራ ሳቀች።

ለካሜራው የመጨረሻ ፈተና ኢንች አሮጌ ፎቶ ፈለገ። ግድግዳው ላይ፣ ከመሣሪያ መደርደሪያው በላይ፣ አንድ ፍሬም ነበር።

«እሷን ተዋት» አለች ጭራሮ።

በፍሬሙ ውስጥ ያለችው እናቷ ናት። የሞተችው ጭራሮ ነፍስ ሳታውቅ ነው። ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ግራ ጉንጯ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ምልክት ነበረቻት፤ ማርያም የሳመቻት የሚባለው ዓይነት። ሰው ባለበት ሁሉ በሻሿ ጫፍ ትሸፍናታለች። አንድ ቀን ግን ወንድሟ፣ ጠጋኙ፣ በተዋሰው ካሜራ ሲያነጣጥርባት ቀልድ ነገራት፤ ሳቀች፤ ሻሹ ተንሸራተተ። ቀልዱ ምን እንደነበረ ጭራሮ ብዙ ጊዜ ጠይቃዋለች። ረስቶታል። ከእናቷ የቀረው ፎቶ ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ጭራሮም በዚያው ጉንጭ፣ በዚያው ቦታ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ምልክት አላት።

«ይነሣ፣ ምን አለበት» አለ ጠጋኙ። «እየደበዘዘ ነው። ኮፒው ስልክ ላይ ቢኖርሽ አይሻልም?»

ይህ ለእሷ ሲባል የተነገረ ነበር፤ ስለዚህ እሺ አለች።

ፍሬሙ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ከላይ ያለው ረጅም አምፖል መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል። ኢንች በሦስቱም ስልኮች አነሣ፤ ፈጠን ፈጠን እያለ አያቸው።

«ጋሼ፣ አዲሱ ነጸብራቁን ራሱ አጥፍቶታል። የእህቴ ግን አይረባም።» የእህቱን ስልክ ይዞ ፎቶውን አጠፋ። የጠፉ ፎቶዎች ከሚጠራቀሙበትም አጠፋው። «ጋለሪዋ ውስጥ የማታውቀውን ነገር ካየች ሁለተኛ አትሰጠኝም። ግን እንዲህ ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። መስታወቱ ይነሣና እንደገና ላንሣ።»

ፎቶው ግን ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። የዓመታት እርጥበት ነው። ጠጋኙ ጥጉን በጥፍሩ ሞከረው።

«ተወው አጎቴ።»

«ስንት ስክሪን የላጥኩ ሰውዬ አንድ ወረቀት ያቅተኛል?» አለና መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። የተጣበቀ ስክሪን የሚያላቅቅበትን ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ሰካ። እጁ ቀላል ነበር፤ ሁልጊዜም ቀላል ነው። ከጥጉ ጀምሮ በቀስታ አሞቀው፤ ሙጫ ሲለሰልስ የሚያደርገውን ያውቃል። እዚያ ግን ሙጫ አልነበረም። የተጣበቀው ቀለሙ ራሱ ነው። ፎቶው መጀመሪያ ያላበው መሰለ፤ ቀጥሎ ተኮማተረ። ጠጋኙ ደንግጦ ሲስበው ወረቀቱ ነጭ ሆኖ መጣ። ፊቷ መስታወቱ ላይ ቀርቶ፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ነበር።

መሣሪያው ማንም ሳያጠፋው መንፋቱን ቀጠለ።

«ኧረ እዚህ አለች» አለ ኢንች። «ጋሼ፣ አትደንግጥ። አዲሱ ላይ አለች፤ ያውም ከድሮው በልጣ።»

ጠጋኙ ደረቱን ያዘ። «ተመስገን» አለ። «ተመስገን። አሳያት፣ ለልጄ አሳያት።»

ጭራሮ ስልኩን ተቀበለች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቆንጆ ሴት ትስቃለች። ጥርሷ ነጭ፣ ዓይኗ የጎላ ነው። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቷል። ግራ ጉንጯ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል።

«ይቺ ማን ናት?» አለች።

«እንዴት ማን ናት? እናትሽ ናታ።»

«ማርያም የሳመቻትስ?»

ጠጋኙ ስልኩን ወስዶ አየ፤ አጎላው፤ እንደገና አየ። ኢንች ስልኩን ከእጁ ተቀብሎ ማስተካከያውን እየከፈተ እየዘጋ ብዙ ደከመ። ስልኩ ሲያነሣ አጽድቶ ነው ያስቀመጠው። ያላስቀመጠውን ከየት ያመጣል?

የቀረው ያምናው ስልክ ነው። ጠጋኙ ከኪሱ አወጣው። በዚያ ፎቶ ላይ የአምፖሉ ነጸብራቅ ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ነጭ መስመር አስምሯል፤ ቀኝ ዓይኗን በልቶታል። ሳቋ ደብዝዟል። ከነጩ መስመር በታች ግን፣ በግራ ጉንጯ ላይ፣ ምልክቷ እንደ ድሮዋ ነበረች።

ኢንች ወደ ጭራሮ ጠጋ አለ።

«አንቺ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሙድ እየያዝኩ አይደለም፤ ስሚኝ። ከዚህ የበለጠ ታሪክ አይገኝም። ፎቶው ተቃጠለ፤ ሌሎቹ ስልኮች ሊያነሡት አልቻሉም፤ ይሄ አዳነው። መጨረሻ ላይ 'እናቴን መለሰልኝ' ትያለሽ። በቃ።»

«አልመለሰልኝማ።»

«ማን ያውቃል? አንድ ነጥብ ናት እኮ። አታካብጂ።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ለእኔ ብዬ መሰለሽ? ለጋሼ ነው። ሰሌዳው…»

ጭራሮ ወደ አጎቷ ዞረች። ጠጋኙ የፎቶውን ነጭ ወረቀት ይዞ፣ ጥጉን በአውራ ጣቱ እያሸ ቆሞ ነበር። አድርጊ አላላትም። አታድርጊም አላላትም።

«ልጄ» አለ፤ «እኔ ምን አፍ አለኝ።» ይህን ብሎ ወደ ውጭ አየ። የመንገዱ ማዶ በር በራሱ ተከፈተ፤ አንድ ሰው ገባ፤ ተዘጋ።

ተናገሪ ብሎ ቢጫናት ይቀላት ነበር። «ቅረጽ» አለች ኢንችን።

ስለ ቅለቱ እንደገና ተናገረች፤ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ቻርጁ። አንዱንም ጥሩ ነገር አልቀነሰችበትም። በመጨረሻ «አሮጌ ፎቶም አንስተንበታል» አለች። «ጥርት አድርጎ ያነሣል። የሰውን ፊት ግን እንዳለ አያስቀርም፤ እሱ ደስ እንዳለው አድርጎ ነው። በዚህ በዚህ ያምናው ይሻላል።»

ኢንች መቅረጹን አቆመ። «መጨረሻዋን ቆርጬ አወጣታለሁ።»

«እሷን ከቆረጥክ ድምፄን ሁሉ ቁረጠው።»

«በእናትሽ፣ ችክ አትበይ።»

ከአፉ ያመለጠው ልማድ ሆኖበት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ጭራሮ ግን አየችው፤ እሱም መሬት መሬት አየ። የአጎቷን ስልክ አንስታ ወጣች።

መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው ፎቶ አጣቢ ስክሪኑን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«እህቴ፣ ይሄ አይሆንም። ነጸብራቅ በልቶታል። በኮምፒውተር ላጽዳልሽ?»

«አይ» አለች። «እንዳለ ይታጠብልኝ።»

ያን ዕለት ማታ ፍሬሙ በአዲስ መስታወት ተመልሶ ተሰቀለ። ጠጋኙ ከበታቹ ቆሞ ቀና ብሎ አየው። ወደ ግድግዳው ሄዶ አምፖሉን አጠፋ። ከመንገዱ በሚገባው ብርሃንም ነጩ መስመር አልሄደም። መልሶ አበራው።

ቪዲዮው እሑድ ወጣ። ጭራሮ ብቻዋን ሆና አየችው። እጁ የእሷ ነው፤ ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የኢንች። ጥርት ያለችው ሴት ስክሪኑን ሞልታ ስትስቅ፣ ኢንች በተሰበረ ድምፅ «ይህ ስልክ እናቴን መለሰልኝ» ይላል። የኢንች እናት በሕይወት አለች፤ ቤታቸው ከጥገና ቤቱ ጀርባ ነው። ከሥሩ ብዙ ሰው አልቅሶ ጽፏል። አንዷ «ምን የመሰለች ቆንጆ እናት ነበረችህ» ብላዋለች። እሱም «አመሰግናለሁ» ብሎ መልሷል።

ሰኞ ጠዋት ኢንች ቀድሞ ገብቶ ነበር። እንደ ሁልጊዜው የዴስኩን የመስኮት ወገን ለእሷ ትቶ፣ ቦርሳውን ከወንበሯ ላይ አነሣላት።

«ድምፅሽን ሁሉ ቆርጫለሁ» አለ። «እንዳልሽው ነው ያደረግኩት።»

ጭራሮ ቆማ ሰማችው። ደብተሮቿን በአንድ ክንዷ አቅፋ ነበር፤ ሌላውን እጇን ሳታስበው ግራ ጉንጯ ላይ አሳርፋለች። አወረደችው። ከኋላ፣ በበሩ በኩል፣ ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ አለች፤ ሁልጊዜ አርፍዳ ስለምትመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው የላትም። ጭራሮ ኢንችን አልፋ ሄዳ እዚያ ተቀመጠች።

«ቦታሽ እኮ እዚህ ነው» አለ ኢንች፣ ዞሮ።

«ነበር» አለች፤ ደብተሯንም ከፈተች።

ረቡዕ ዕለት ሁለት ሠራተኞች መሰላል ይዘው መጥተው ሰሌዳውን ጥገና ቤቱ በር ላይ ሰቀሉ።