«ሳቫና» ብሎ የጠራው ማን ነው?

ወገኖቼ፣ ስለ ጓደኛ ፍቅር ብዙ ሲነገር ሰምታችኋል። እኔ ግን ፍቅር ሰው ሊገድል ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር፤ የእኔም ስለሆነ ነው የማወራው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በደቡብ ጆርጂያ ጥድ ጫካ፣ ተርፔንታይን የሚባለው የጥድ ዘይት በሚወጣበት ሰፈር ነው። ጥዱን እናቆስላለን፣ ከቁስሉ ሥር የሸክላ ኩባያ እንሰቅላለን፣ የተጠራቀመውን ሙጫ በበቅሎ ጋሪ ተፈልቶ ወደሚነጠርበት ቤት እንልካለን። የእኔ ሥራ መቁጠር ነበር። ኩባያ በሚሰቀልበት ወራት አርባ ሰው ጫካው ውስጥ ይበተናል፤ ቁጥቋጦው ስለሚጋርድ አንዱ ሌላውን አያይም። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱ ጥሪ አለው። አንድ ዛፍ በጨረሰ ቁጥር ጥሪውን ይጮኻል፣ እኔም ግንድ ላይ ተቀምጬ በስሙ ትይዩ ነጥብ አደርጋለሁ።

የክሌቦርን ጥሪ «ሳቫና!» ነበር። በርሜሎቻችን ወደሚጫኑባት ወደዚያች የወደብ ከተማ አንድ ቀን እሄዳለሁ ስለሚል መጨረሻውን እንደ መዝሙር ይጎትተዋል። ከልቤ የምወደው ልጅ ነበር። በሥራ የሚስተካከለው አልነበረም፤ ሰኞ ጠዋት ግን የለም። እሑድ ማታ ጊታር ከተመታበት ቤት ገብቶ ሲጠጣ አምሽቶ፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ ዓይኑን እያሸ ይመጣል።

የጫካው አለቃ በፈረስ እየዞረ ይቆጣጠረናል። ምሕረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ የቀረ ሰው ካገኘ ከነቤተሰቡ ከጎጆው ያስወጣል። ስለዚህ የክሌቦርን የልብ ጓደኛ ኢዝራ ሰኞ ሰኞ ለሁለት ሰው ይጮኽ ነበር። «ዮርዳኖስ!» ብሎ በራሱ ጥሪ ይጠራል፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ራሱ ከሠራቸው ዛፎች አንዱን ለጓደኛው እየሰጠ «ሳቫና!» ይላል። እኔ ድምፁን መለየት አያቅተኝም፤ ኢዝራ መጨረሻውን ቁርጥ ያደርገዋል። ሆኖም ፈገግ ብዬ ነጥቤን አደርግ ነበር። ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የክሌቦርን ሚስት ሞዜል አስቆመችኝ።

«አጎት ሳይላስ፣ ሰኞ ሰኞ ባሌ ስንት ቦታ ነው የሚገኘው? አልጋ ላይም አለ፣ ወረቀትዎ ላይም አለ።»

«ተይው ልጄ፤ ወንድማማች ናቸው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከመዋል» አልኳት።

«ሲደክም ነው ሲጠጣ? ሰው ካለ ይጠራ፣ ከሌለ ይታጣ እንጂ! አንድ ቀን የእውነት ቢጠፋብኝ ማን ይፈልግልኛል?»

ኢዝራ አጠገባችን ቆሞ ኖሮ ሳቀባት። «ኧረ ሞዜል! ባልሽ መርፌ ነው እንዴ የሚጠፋው? ያን ሁሉ ቁመት ይዞ!»

ሁላችንም ሳቅን። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

ያን ዕለት ማታ ባሏን ከእንግዲህ እንዳይጠጣ አስምላው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ክሌቦርን ከቤቱ ሳይወጣ አመሸ። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ለማንም ሳይናገር ረግረጉ አጠገብ ወዳለው የጫካው ጫፍ ሄደ። ኢዝራ መጥራት ሳይጀምር እሱ አሥር ዛፍ ጨርሶ ጓደኛውን ሊያስቀው ነበር ያሰበው። ገና ሁለተኛው ዛፍ ላይ፣ እኛ ጫካው ሳንደርስ፣ ጅራቱን እንደ ጸናጽል የሚያንሿሿው መርዛም እባብ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ባቱን ነደፈው።

እኛ ይህን ከየት እናውቃለን? ኢዝራ እንደ ልማዱ «ሳቫና!» አለ፤ እኔም እንደ ልማዴ ነጥብ አደረግሁ። አለቃው በፈረሱ መጥቶ ወረቀቴን አየ፣ ሁሉም አለ፣ ሄደ። እስከ ቀትር ሃያ ስድስት ነጥብ አደረግሁለት፤ መሬት ላይ ለወደቀ ሰው።

ቀትር ላይ ሞዜል የባሏን የበቆሎ ዳቦና ባቄላ ይዛ መጣች።

«ክሌቦርን በየት በኩል ነው?»

ውሃ ሊጠጣ ወደ እኔ የመጣው ኢዝራ በሹክሹክታ «ቀስ በይ፣ አለቃው ይሰማሻል። እቤት ተኝቶ የለም እንዴ?» አላት።

«የምን እቤት! ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣው!»

የኢዝራ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ግንዱ ላይ ወጥቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ዝም በሉ! ማንም እንዳይጠራ!» ብዬ ጮኽኩ። አርባ ሰው አፉን ያዘ። በዚያ ጫካ በሥራ ሰዓት እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ብዙ ቆይቶ ከረግረጉ በኩል፣ ትንኝ የምታህል ድምፅ፣ «ሳቫና» አለች። መጨረሻው አልተጎተተም፤ ለመጎተት ትንፋሽ አልነበረውም።

ከሁላችን ቀድሞ የሮጠው ኢዝራ ነው። በጀርባው ተሸክሞ ያመጣውም እሱ ነው።

ክሌቦርን ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ልንጠይቀው ስንሄድ ኢዝራ አልጋው ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ።

«እባቡ አይደለም፣ እኔ ነኝ የነደፍኩህ» አለው።

«ተነሥ፣ አታልቅስብኝ» አለ ክሌቦርን። «ደግሞ እኔ እንደዚያ ነው የምጮኸው? እንደታነቀ ዶሮ!» ሳቅንለት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባቡን አልፈራሁም። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ፣ ትመጣላችሁ ብዬ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ የራሴ ጥሪ ሲጮኽ ሰማሁ። ደህና ሆኜ፣ እየሠራሁ። ያን ጊዜ፣ ማንም እንደማይፈልገኝ አወቅሁ፤ እኔ እዚያ ነኛ።»

ሞዜል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ማየት ያቃተኝ እሷን ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ነግራን ነበርና።

ወገኖቼ፣ ጓደኛችሁ ሲጠጣም ሲቀርም በስሙ አትጩኹለት። ከወደዳችሁት በሩን አንኳኩ፣ ከአልጋው ጎትታችሁ አስነሡት፣ ተጣሉት። መጉደሉን የሸፈናችሁ ቀን የሚፈልገው ሰው አሳጥታችሁታል። ቆጣሪዎችም ብትሆኑ፣ የምታውቁትን ድምፅ እንዳላወቃችሁ አትለፉ።

ዛሬ ያ ወረቀት በክሌቦርን እጅ ነው፤ እኔ አርጅቻለሁ። ኢዝራ ከጥድ የጠረበለትን እግር ዘርግቶ ግንዴ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሰኞ «ዮርዳኖስ!» የሚለው ጥሪ ትንሽ ሲዘገይ ክሌቦርን ብድግ ብሎ ጫካውን ሁሉ ጸጥ አሰኘ።

«ዮርዳኖስ የት ገባ?»

«ኧረ ባክህ፣ ሱሪዬን ልታጠቅ!» አለ ኢዝራ ከቁጥቋጦ ጀርባ። ጫካው በሳቅ ተሞላ።

ክሌቦርን ግን አልተቀመጠም። «ታጠቅና ጥራ፤ በራስህ አፍ» አለው። «ዮርዳኖስ!» የሚለውን እስኪሰማ ድረስ በእንጨት እግሩ ቆሞ ጠበቀ።