የሞተ መስሎ የተኛው

ገና መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ሳትዘጋው እጁን ዘረጋ።

«አመጣሽው?»

«አምጥቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

የስለላ ስሟ «ድርጭት» ነው። በመድኃኒት ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ግን ብልቃጥ አጣቢ ናት። በካልሲ የጠቀለለችውን የመስታወት ቱቦ ከብብቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው። ቱቦው ውስጥ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሻከረ ነገር በቅሏል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው።

ፋብሪካው አዲሱ መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል ብሎ ምሎ ተገዝቷል። ውሸት ነው። መድኃኒቱ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ በሽተኛው መዋጡን ሲያቆም ይነቃል። ቱቦው ውስጥ ያለው «ድነሃል» ተብሎ ከተሸኘ ሰው አክታ የተዘራ ነው። ባክቴሪያው በሕይወት እያለ ማስረጃ የምትፈልግ አንዲት የሆስፒታል ሐኪም እጅ ካልገባ መድኃኒቱ መሰጠቱ አይቆምም፤ ጋሼም ወደ እሷ ሊያደርሳት ነው የመጣው።

ሰውዬው ታናሽ ወንድሟ ነው። ምንም ባይበቅል እያለች ስትጸልይ ሰነበተች።

በቀለ።

ጋሼ የጎኑን መስታወት ዝቅ አደረገና ቱቦውን መሪው ፊት አጋደመው።

ፀሐይ ላይ።

«ፀሐይ ካየው ይሞትብሻል» እያለ ያስጠነቀቃት እሱ ራሱ ነበር። መኪናውን አስነሥቶ ታጠፈ።

«ሐኪሟ ጋ በዚያኛው መንገድ አይደል?»

«ተዘግቷል። ምን አስጨነቀሽ?»

የያዘው መንገድ ወደ ፋብሪካው የሚመልስ ነበር።

ሸጧታል።

«ጋሼ፣ አቁምልኝ፤ ሊያስመልሰኝ ነው።»

ጋሼ ለመኪናው ወንበር ከሚስቱ አብልጦ ይሳሳል። ወዲያው አቆመ። ወርዳ ገበያተኛው መሀል ገባች። እሱም ቱቦው በእጁ ስለሆነ አልተከተላትም።

በቤተ ሙከራው ደንብ አክታ ሁልጊዜ በሁለት ቱቦ ይዘራል፤ አንዱ ቢበላሽ መተኪያ እንዲሆን። ሁለተኛው በሌላው ብብቷ ሥር ነበር። ለጋሼ ያልነገረችው ጠርጥራው አልነበረም። የወንድሟ ነገር ሆኖባት ከገላዋ መለየት አቅቷት ነው።

ሐኪሟ ቱቦውን ብርሃን እንዳያገኘው በመዳፏ ጋርዳ ተቀበለች።

«የማን ነው?»

«የወንድሜ።»

«ዛሬውኑ ይምጣ። አንቺ ግን አጠገቡ እንዳትታዪ፤ የፋብሪካው ሰዎች በሱ በኩል ነው የሚፈልጉሽ።»

ባክቴሪያው ሐኪሟም ስትዘራው በቀለ። መድኃኒቱ ታገደ። ለወንድሟ ሳንባ ግን ረፍዶ ነበር።

ድርጭት የምትባል ሴት ከዚያ ወዲህ የለችም። ሆስፒታሉ አዲስ ጽዳት ሠራተኛ ቀጥሯል፤ እንደ ሁሉም አፏንና አፍንጫዋን ትሸፍናለች። የወንድሟን ሳል ከኮሪደሩ ጫፍ ትለየዋለች፤ በጆሮዋ ሆኖ እቤቷም ተከትሏት ይገባል። በክፍሉ በር ላይ አንድ ሰው ጋዜጣ ዘርግቶ ይውላል። ገጹን ሲገልጥ አይታው አታውቅም።

ዛሬ ገብታ ወለሉን ወለወለች። ወንድሟ ዓይኑን በግማሽ ገለጠ።

«የኔ እናት፣ ያን መስኮት ክፈቺልኝ እስቲ።»

ከፈተችለት።

«እግዜር ይስጥሽ። ማን ልበል?»

ብትናገር ድምጿን ያውቀዋል። በር ላይ ጋዜጣው ዝቅ ብሏል።

ባልዲዋን አንስታ ወጣች።