ርብ የሞላ ሰሞን

ወንዝ ሞልቶበት ከፈተና የቀረ ልጅ ሰነፍ ነው? እስቲ እናንተ ፍረዱ። ወረታ ያለው ትምህርት ቤት ግን ፈርዶ ጨርሷል። ሰኔ ሠላሳ ጧት፣ ተማሪውም ወላጁም ጭቃው ላይ ቆሞ ውጤት ሲነበብ፣ የሰባተኛ ክፍሏ ይርገዱ ከወደቁት ጋር ተጠራች። በመንፈቁ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣችው ይርገዱ።

አጠገቧ የቆመችው አሲያ ክንዷን ያዘቻት። አሲያ የባለሱቁ የሳልህ ልጅ ናት። የይርገዱ ቤት ከርብ ወንዝ ማዶ፣ በይፋግ በኩል ስለሆነ፣ ክረምቱ ሲቃረብ እነአሲያ ቤት እያደረች ትማር ነበር። የምትበላው ግን ከቤቷ ያመጣችውን ስንቅ ብቻ ነው፤ እናቷ አደራ ብላታለች።

«ሥጋው ይቅር፤ የእኛን ሽሮ ብትበዪ ምን ይነካሽ ነበር?» አለች አሲያ በሹክሹክታ።

«ተይኝ አሲያ።»

«ለድርቆሽ ብለሽ እኮ ነው።»

እውነቷን ነው። ፈተናው ሰኞ ሊጀመር፣ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ተሻገረች። ወንዙ ከጉልበቷ አላለፈም። ቀና ብላ ስታይም በፎገራ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ርብ ወደሚነሳበት ወደ ጉና ተራራ ግን ዞር ብላ አላየችም። ጉና ላይ ሲዘንብ አደረ፤ እሑድ ጧት ርብ ዛፍ እየነቀለ ወረደ። ወደ ድልድዩ የሚወስደው ሜዳም ሐይቅ ሆነ። ሰኞም ማክሰኞም ከወንዙ ዳር ቆማ ዋለች። ረቡዕ አባቷ የበሬ ጅራት አስይዘው ሲያሻግሯት ፈተናው አልቆ ነበር።

ያን ዕለት ዲሬክተሩ ከነጭቃዋ አይተዋት፣ «ወንዙን የሞላሁት እኔ ነኝ?» ብለው በሩን ዘጉባት።

አሁን አባቷ ከወላጆቹ መካከል ጋቢያቸውን አጣፍተው መሬት መሬት ያያሉ። «ዘንድሮ ካለፍሽ ትማሪያለሽ፤ ካልሆነ ለበላቸው ልጅ ልድርሽ ቃል ሰጥቻለሁ» ብለዋታል። ቃላቸውን አያጥፉም። መስከረም ሲጠባ ርብ ይጎድላል፤ አሲያ ስምንተኛ ትገባለች። ይርገዱ የጥርን ሠርግ ትጠብቃለች።

ዐምና እንዲሁ ወንዝ አስቀርቶት ሰባተኛን የደገመው ደሞዝ ከኋላ ጠጋ አላት።

«እንኳን ደህና መጣሽ ወደ እኛ ወደ ደጋሚዎቹ» አለ እየሳቀ። «የርብ ማዶ ልጅ በአንድ ዓመት አያልፍም። አልነገሩሽም?»

ያናደዳት ሳቁ አልነበረም፤ እውነቱን መናገሩ ነው። ወንዙን ሙላ ብሎ ያዘዘ ሰው የለም። ፈተናው ርብ በሚሞላበት ሰሞን ይሁን ብሎ ያዘዘ ግን አለ። ያዘዘውም ሰው እዚያ፣ ከሰንደቁ ሥር፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሟል።

ዲሬክተሩ «በሰላም ክረሙ» ብለው ወረቀታቸውን ሲያጥፉ ይርገዱ ከሰልፉ ወጣች። አባቷ ቀና ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተይ ማለታቸው ነው። አሲያ ቀሚሷን ጎተተቻት። አልተመለሰችም። የሚሰጣት መልስ ሠርጉን እንደማያስቀረው ታውቃለች።

«ጌታዬ» አለች ዲሬክተሩን። «ርብ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን እንደሚሞላ ያውቃሉ። ዐምና ደሞዝ ሲወድቅም ያውቁ ነበር። ፈተናውን ግንቦት ላይ እንዳያደርጉት ማን ከለከለዎ? ቢሮ ነይ አይበሉኝ። እዚሁ፣ ሰዉ ሁሉ ቆሞ፣ አባቴ እየሰሙ ይመልሱልኝ።»