ለሃያ ሦስት ሰው የሚከፈት በር

የአቶ አየልኝ የመጀመሪያው የጋራዥ በር ከፋች በአንድ ክረምት ዝጎ አለቀ፤ ሁለተኛው ላብ አይቶ ባለቤቱን ካደ፤ ሦስተኛው ግን ይተነፍሳል። በባሮ ዳር በበቀለችው በዚያች ከተማ በር መተንፈሱ ለማንም ብርቅ አይደለም። ስምንት ወር ዝናብ፣ አራት ወር ወበቅ በሆነበት አገር ብረት ዕድሜ የለውም፤ ሽቦም ሳር ሊያበቅል ይደርሳል። ስለዚህ ሰዉ ብዙውን ዕቃ ከማስገጠም ማብቀል ይሻለኛል ብሏል።

አቶ አየልኝ አርባ ዓመት ሙሉ በወንዝ ወደቡ ላይ ጆንያ ሲፈትሹ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራው ጡረታ አወጣቸው እንጂ እሳቸው ሥራውን ጡረታ አላወጡትም። ሰው ለሰላምታ ቀኝ እጁን ሲዘረጋላቸው ቀድመው የሚያዩት ግራ እጁን ነው። «ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ውስጥ ስንጥር» የሚለውን ተረት ገንፎ እየበሉ ሲተርቱ የሰማቸው ሁሉ ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፤ እውነትም እየፈለጉ ነው።

በበሩ ነገር ግን መጨነቃቸው ተገቢ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀዳለ አስም አለባቸው፤ እርጥበቱ ሲከብድ ደረታቸው ይዘጋል። ያን ጊዜ የምታድናቸው በጋራዡ ውስጥ የምትቆመው መኪና ናት። በየብስም በውሃም ስለምትሄድ ሰዉ «ጉማሬ» ይላታል። በሯ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፤ ውስጧ ያለውን አየር አድርቃ ለተሳፋሪው ትሰጣለች፤ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ ድረስ ወይዘሮ ፀዳለ የሚተነፍሱት በእሷ ነው። ቁልፍ ፍለጋ ጊዜ እንዳይፈጅ ቁልፏ ሁልጊዜ እውስጧ ተሰክቶ ያድራል። እንግዲህ የጋራዡ በር ለሌባ ከተከፈተ ጉማሬ ሄደች ማለት ነው፤ ለባለቤቱ ካልተከፈተ ደግሞ ወይዘሮ ፀዳለ ሄዱ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ይህ የኋለኛው አደጋ ሊደርስ ነበር። መዳፍ በሚያነበው ከፋች ላይ አቶ አየልኝ እጃቸውን አሥራ አንድ ጊዜ ለጠፉ። መዳፋቸው በላብ ርሶ ነበርና መሣሪያው አሥራ አንድ ጊዜ «አላውቅዎትም» አላቸው። በሩን በመጥረቢያ ሰብረው ሚስታቸውን አተረፉ። ያቺ «አላውቅዎትም» ግን እስከ ዛሬ ጆሯቸው ውስጥ አለች።

አዲሱን ከፋች ለመምረጥ በሄዱበት ሱቅ የተቀበላቸው ኡጁሉ የሚባል፣ ረጅም፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር የአኙዋ ሰው ነው። በር በመግጠም አሥር ዓመት ሠርቷል።

«በሰንሰለት የሚጎትተው ይኸውልዎ» አለ። «ርካሽ ነው፤ እስከ ጥቅምት ይዝጋል። ይኼኛው ዓይን ያነባል፤ ግን መስታወቱን ጉም ሲሸፍነው እርስዎ ደጅ ይቀራሉ። ለዚህ አየር የሚሆነው ይሄ ነው።» እርጥብ ጋቢ የመሰለ ግራጫ ምንጣፍ ገለጠላቸው። በቤተ ሙከራ ከእንጉዳይ ዘር የበቀለ ሕያው ከፋች ነው፤ ሰዉ ባጭሩ «እርጥቤ» ይለዋል። በበሩ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ እርጥበት ይጠጣል፤ እንደ ጡንቻ ተኮማትሮም በሩን ያነሳል። «ሌላው በእርጥበት ይሞታል፤ ይሄ በእርጥበት ይወፍራል።»

አቶ አየልኝ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ለማን ነው የሚያወራው?»

«ለማንም። አፍ የለውም።»

«ጆሮስ?»

«ጆሮ አለው። የሰው ትንፋሽም ይለያል።»

«ጆሮ ካለው አፍ አያጣም» አሉ አቶ አየልኝ። «ለማን እንደሚከፍት የሚነግረውስ ማነው? አንተ ነህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ሰባት ቀን አጠገቡ ይዋሉ። እርስዎ እንደ ቤተሰብ ያናገሩትን ሰው ትንፋሽ ይይዛል፤ ሌላውን አይዝም። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው የሚቀበለው ከልብዎ ግባ ካሉት ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በእነዚያ ሰባት ቀናት እሱ ፊት ከልብዎ ያልሆነ ነገር እንዳይናገሩ።»

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም» አሉ አቶ አየልኝ ቆጣ ብለው። ይህንን የተናገሩት ከልባቸው ነበር።

ኡጁሉ እርጥቤን የገጠመው በሩን ነቅሎ፣ በዝናብ ደጅ ቆሞ ነው። አቶ አየልኝ ከውስጥ ሆነው እጁን እጁን ሲያዩ ዋሉ። ሲጨርስ «በል ደህና ሁን» ብለው ሸኙት።

ሰባቱን ቀን በርጩማቸውን አውጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚው ያልፋል፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ጎረቤታቸው ኛዳክ፣ የጀልባ ሞተር የምትጠግነው፣ እጇ ጥላሸት እንደ ለበሰ ታልፋለች። «እንዴት ዋሉ፣ ጋሼ?» ስትላቸው እሳቸውም ወጉን አያጓድሉም። «ግቢ እንጂ ኛዳክ! ምነው ደጅ ለደጅ? ቤቱ እኮ ቤትሽ ነው!» ይላሉ። እሷም «ሌላ ጊዜ፣ ጋሼ» ትላለች። «ሞቼ እገኛለሁ!» ይላሉ። እሷ ትሄዳለች፤ እሳቸው ይቀመጣሉ፤ ማንም አይሞትም። ለዓሣ ሻጩም፣ ለእድሩ ዳኛም፣ ለሁሉም እንዲሁ ነው። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

በዘጠነኛው ቀን ከገበያ ሲመለሱ ጋራዡ ወለል ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አገኙ። በሩ ተዘግቷል፤ የጠፋ ነገር የለም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራቸው። የሚሰርቅ ሌባ ይታወቃል፤ ሳይሰርቅ የሚሄድ ሌባ ግን ሊመለስ ነው።

በማግስቱ እንደ ድሮው ሥራቸው ወጥመድ አበጁ፤ ወለሉ ላይ ዱቄት ነስንሰው ወጡ። ሲመለሱ ወበቁ ዱቄቱን ሊጥ አድርጎ ጠበቃቸው። ሊጡ ላይ ግን የሦስት የተለያየ ሰው እግር ታትሟል።

«ሦስት!» አሉ ለባለቤታቸው። «ያ ልጅ ቡድን አለው። ሲገጥመው ለራሱና ለጓደኞቹ መግቢያ አበጅቶ ነው የሄደው።»

«ልጁ ምን አደረገህ?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «ዝናብ እየደበደበው ሠርቶልህ ሄደ።»

«እሱ ነው ያጠራጠረኝ! ዝናብ እየደበደበው ለምን ዝም ይላል?»

ኡጁሉ ተጠርቶ መጣ። አቶ አየልኝ በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ አስገብተው፣ ጥርጣሬያቸውን ሳይደብቁ «ለስንት ሰው ነው የሸጥከኝ?» አሉት። ኡጁሉ ከቦርሳው አንዲት ብልቃጥ አውጥቶ ሰማያዊ ጠብታ እርጥቤ ላይ አንጠባጠበ። ምንጣፉ ላይ ነጥቦች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዱ ነጥብ በሩ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ኡጁሉ በጣቱ ቆጠረ።

«ሃያ ሦስት» አለ።

«ምን? እኛ እኮ ሁለት ነን!»

«ሃያ አንዱን እርስዎ ነዎት ያስገቧቸው። ‹ግቡ፣ ቤታችሁ ነው› ብለዋቸዋል። እሱም አመነ። አሁን አንዳቸው ከዝናብ ሽሽት በሩ ሥር ሲቆሙ ይከፍትላቸዋል። እነሱ እናንተ የከፈታችሁ እየመሰላቸው ገብተው፣ ሰው ሲያጡ አፍረው ይወጣሉ።»

አቶ አየልኝ ወደ ነጥቦቹ ጎንበስ አሉ። «ይሄ እኮ ወግ ነው! ግባ የተባለ ሁሉ ይገባል እንዴ?»

«ፋብሪካው ያለው ሌላ አገር ነው» አለ ኡጁሉ። «እዚያ ግባ ያለ ሰው ግባ ማለቱ ነው።»

«አጥፋቸው! አሁኑኑ!»

«ጨው ያስፈልጋል፤ ጨው ያረፈበትን ነጥብ መጥጦ ያወጣዋል። ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።»

ለምን ነገ? አቶ አየልኝ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይህችን «ነገ» ሲያላምጡ ዋሉ። በመጨረሻ በሩን እስከ ጠዋት በሰንሰለት ጠፍሬ አሳድረዋለሁ ብለው ወንዙን ተሻግረው ወደ ብረት ነጋዴዎች ሄዱ። ሰንሰለቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሊመለሱ ሲሉ ዶፍ ወረደና ጀልባው ሁለት ሰዓት ያህል አቆያቸው።

ሰፈር ሲደርሱ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጉማሬ የለችም።

«ሌባ! ያዙልኝ!» ብለው ጮኹ። «ለዚህ ነው ነገ ያለኝ! ያ ኡጁሉ ነው!» ሰንሰለቱን ጥለው ወደ ቤት ሮጡ። «ፀዳለ! ፀዳለ!» መልስ የለም። ወጥ ቤት የሉም፤ ጓሮም የሉም። ወደ ጋራዡ ተመልሰው ሲያዩ በሩ ሥር አንድ የሴት ነጠላ ጫማ ተገልብጦ ወድቋል። ያን ጊዜ መኪናዋን ረሱ። እዚያው ሊጡ ላይ ተቀመጡ።

ጉማሬ በጭቃ ተለውሳ ብቅ ስትል ገና አልተነሱም ነበር። መሪውን የያዘችው ኛዳክ ናት።

«ጋሼ፣ ይግቡ! እትዬ ጤና ጣቢያ ናቸው፤ ደህና ናቸው፤ እርስዎን ነው የሚጠሩት።»

መንገድ ላይ ነገረቻቸው። ስታልፍ አንድ ነገር በር ሲደበድብ ሰማች። ወይዘሮ ፀዳለ ጋራዡ በር ላይ ተደግፈው ደረታቸው ያፏጭ ነበር፤ በሩ ግን ተዘግቶ ቆሟል። ጠጋ ብላ ልትደግፋቸው ስትል በሩ በራሱ ተነሳ። የቀረውን አላሰበችበትም፤ አዝላቸው ጉማሬ ውስጥ ከተተቻቸውና ነዳች።

ወይዘሮ ፀዳለ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ተደርጎ ተጋድመው ነበር። ባላቸውን አይተው ፈገግ አሉ። «እኔን እኮ አላወቀኝም፣ አየልኝ። ያን ጊዜ ትንፋሼ የእኔ አልነበረም። እሷ ስትመጣ ነው የከፈተው።» ትንሽ ተነፈሱና ጨመሩ። «ግቢ ያልካት ለወግ ነበር፣ አይደል?»

አቶ አየልኝ አፍረው ነበር፤ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። የቀረውን ሰዓት የሚስታቸውን እጅ ይዘው አሳለፉት።

ሁለቱም ቤታቸው የተመለሱት ጎህ ሲቀድ ነው። ጥቂት ቆይቶ የጋራዡ በር ተንኳኳ። አቶ አየልኝ ከውስጥ ሆነው «ማነው?» አሉ።

«ኡጁሉ ነኝ። ጨው አምጥቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትገባም? ሃያ ሦስት ሰው እንደ ፈለገ ይገባ የለ?»

ኡጁሉ ከዝናቡ ውስጥ በዚያ በተረጋጋ ድምፁ «ለእኔ አይከፈትም፣ ጋሼ» አለ። «ለእኔ ግባ ብለውኝ አያውቁም።»

አቶ አየልኝ ባሉበት ቆሙ። ሰባቱን ቀን ሙሉ ቤቱን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያድሉ ኖረው፣ በዝናብ ቆሞ በሩን ለሠራላቸው ሰው ወግ እንኳ ነፍገውታል። ሌባ ያሉት ሰው በከተማው ውስጥ በሩ ከማይከፈትላቸው አንዱ ነበር፤ ያንንም እያወቀ አንድ ቀን አፉን ሞልቶ አልተከራከራቸውም። አንድ የእንጉዳይ ምንጣፍ የእሳቸውን ቃል ከእሳቸው አብልጦ አመነ፤ ሚስታቸውም የዳኑት በዚያ እምነት ነው።

«ግባ» አሉ።

ቃሉ እንደ ሌላው ጊዜ ዘለግ ብሎ አልወጣም፤ አጭርና ዝቅ ያለ ነበር። እርጥቤ ለአፍታ ያህል እንደ ማመንታት አለ። ከዚያ ተኮማተረና በሩን አነሳው። ኡጁሉ የጨው ከረጢቱን ታቅፎ፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ርሶ ቆሟል።

«ስንቱን ላጥፋልዎ?» አለ።

«አንድም አታጥፋ። ሃያ አራት አድርገው።» ከረጢቱን ተቀብለው ወይዘሮ ፀዳለን ጠሩ። «ፀዳለ፣ ይሄን ጨው ወጥ ቤት አስቀምጪው። ሰው አለን፣ ቁርስ እንብላ።»

«አይ፣ ሌላ ጊዜ፣ ጋሼ» አለ ኡጁሉ፣ እሱም ወጉን ያውቃልና።

አቶ አየልኝ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው እርጥብ እጅጌውን ያዙ። የሰው እጅ ሲይዙ ሌላኛውን እጁን ሳያዩ የቀሩት ያን ጠዋት ነው።