ቁጥር አንድ ሲጠራ

«ቁጥር አንድ!»

እናት ከመዝገቡ ቀና ሳትል ጠራች። ማንም አልመለሰም። ልጅቷ እንደ ወትሮው አንገቷን ደፋች። አጠገቧ የተቀመጠው ትንሹ ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፎቹን ገጠመ። ከጠረጴዛው ማዶ ባለው ባዶ ወንበር ላይ የጠዋት ፀሐይ አርፋለች። እናት እስከ አሥር ለመቁጠር ያህል ጠበቀች። ከዚያ የመጀመሪያውን ሳጥን ባዶውን ትታ ብዕሯን ወደ ታች አወረደች።

«ቁጥር ሁለት!»

«አለሁ» አለች ልጅቷ።

«ቁጥር ሦስት!»

«አለሁ!» አለ ትንሹ።

ትምህርት ተጀመረ።

ጎረቤቶች በዚህ ቤት ሰላም ይቀናሉ። ልጆቹ አይጮኹም፣ በር በኃይል አይዘጉም። ሁልጊዜ ጠዋት ከዳዊት አንድ መዝሙር ይነበባል፣ ይጸለያል፣ ስም ይጠራል፣ ከዚያ ሒሳብ ይቀጥላል። የረጅም መንገድ አውቶቡስ የሚነዳው አባታቸው እንኳ ቅዳሜ ሲመጣ በጣቶቹ ጫፍ ነው የሚራመደው። ልጅቷ ግን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰላምና ትንፋሽን ውጦ መኖር እንደሚለያዩ ይገባታል።

ቁጥር አንድ ታላቅ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ያኔ የክፍሉ አስተማሪ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ስም ስትጠራ አልመለሰም። ማርፈድ ልማዱ ስለነበር በስሙ ትይዩ የቀሪ ምልክት አደረገችና «ሲመጣ ያገኛታል!» አለች። ክፍሉ ሳቀ። በዚያች ደቂቃ እሱ ከትምህርት ቤቱ በር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጭነት መኪና ገጭቶት፣ አስፋልት ላይ ወድቆ ነበር።

እናት ሥራዋን ለቀቀች። ሁለቱን ልጆች ቤት አስቀርታ ራሷ ማስተማር ስትጀምር አዲስ መዝገብ ገዛች። በአራት ዓመት ውስጥ በቁጥር አንድ ሳጥን ላይ የቀሪ ምልክት አድርጋ አታውቅም። ስሙን አንሥታም አታውቅም። አንድ ቀን ልጅቷ ምሳ ላይ ስሙ ከአፏ ቢያመልጣት እናት ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዕቃ ታጥባለች፣ ትንሹ ማንኪያ ያደርቃል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ሙድ አትያዢብኝም?»

«እንደ ጥያቄው ነው።»

«ቁጥር አንድ ለምንድነው የሚቆጣው?»

«ማን?»

«እግዜር ነዋ!»

ሳህኑ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር።

«እማዬ በየቀኑ ትጠራዋለች» አለ ትንሹ፣ ያንኑ ማንኪያ ደጋግሞ እየወለወለ። «እኛም ዝም ብለን እንጸልያለን። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! ከዚያ እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ትከፍትና ታለቅሳለች። ሰምቻታለሁ። ያስቀየምኩት እኔ እሆን? ባለፈው መዝሙር ሲነበብ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

«ቁጥር አንድ እግዜር ነው ያለህ ማነው?»

«አንቺ ነሻ!»

ልትቆጣው አፏን ከፍታ ነበር፤ ትዝ ሲላት ዘጋችው። ታላቅ ወንድሙ ሲሞት ገና ሕፃን የነበረው ትንሹ፣ አምና ክፍልፋይ እየሠራች ሳለ ቁጥር አንድ ማነው ብሎ ነዝንዟት ነበር። «ሰማይ ቤት ያለው ነው፤ ዞር በል አሁን!» ብላ ገላገለችው። እሱ ደግሞ ዞር አለ፣ ቃሏንም ይዞት ዞረ።

«ስተኛ እለምነዋለሁ» አለ ትንሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «"አንድ ቀን ብቻ አለሁ በላት" እለዋለሁ። በጣም ነው የምፈራው።»

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። እዚሁ ልትነግረው ትችላለች። ግን ይህ ልጅ ነገር ሆዱ አያድርም፤ ሮጦ እናቱ ጋ ይሄዳል። ከዚያስ? ሌላ ሦስት ቀን? ወይስ ሠላሳ?

«እግዜር አልተቆጣህም» አለችው።

«ታዲያ ለምን ዝም ይላታል?»

ቧንቧውን ዘጋች።

በማግስቱ መዝሙር ተነበበ፣ ተጸለየ። እናት መዝገቡን ገለጠች።

«ቁጥር አንድ!»

ልጅቷ ዛሬ አንገቷን አልደፋችም። ትንሹን አየችው። ዓይኖቹን ጨምቆ ጨፍኗል፤ ከንፈሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። ወንበሩ ባዶ ነው። ለአንድ አፍታ እሷ ራሷ መልስ የምትጠብቅ መሰላት።

«ቁጥር ሁለት!»

ልጅቷ አልመለሰችም።

ብዕሩ ሳጥኑ ላይ ቆመ።

«ቁጥር ሁለት!»

ትንሹ ዓይኑን ገልጦ በክርኑ ጎሸማት። «አለሁ በያ! ምን ነካሽ?» አለ በሹክሹክታ።

አንድ ቃል ነው የቀረው፤ ካለችው ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሒሳብም ይጀመራል። ልጅቷ ጥርሷን ነከሰች።

ስም በሚጠራበት ሰዓት እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዝገቡ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ልጄ?»

«አለሁ፣ እማዬ። እኔ አለሁ።» ድምፅዋ እንዳሰበችው አልጠነከረም። «ይሄ ልጅ ግን ቁጥር አንድ እግዜር ይመስለዋል። ተቆጥቶን ዝም ያለን። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አይደለም እንዴ?» አለ ትንሹ።

እናት ባዶውን ወንበር አየች። ከዚያ የትንሹን የተገጠሙ መዳፎች አየች፤ እነሱ ላይ ብዙ ቆየች። ጠረጴዛውን ይዛ ከወንበሯ ግማሽ ተነሣች። ልጅቷ አሁን የመታጠቢያ ቤቱ በር ይዘጋል፣ ውሃው ይከፈታል ብላ ጠበቀች።

እናት ተመልሳ ተቀመጠች።

ልጅቷ የትንሹን ወንበር ወደ ራሷ ጎተተች። «እኔ ልጀምር ወይስ አንቺ?» ስትል እናቷን ጠየቀቻት።

እናት የብዕሩን ክዳን ለመግጠም ሁለቴ ሳተችው። በሦስተኛው ገጠመችውና መዝገቡን ዘጋች።

«አንቺ ጀምሪ» አለች። «የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።»

ልጅቷ ከስሙ ጀመረች።