ያደረ ላሜራ

ሐጂ ዐብደላ መጋዘናቸው ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን በብረት ቱቦ ተመተዋል። ቱቦው አጠገባቸው ወድቋል፤ በጨርቅ ተጠርጓል።

ኢንስፔክተር ወንጌላዊት ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ» አለች ዙሌይካ፣ የሟቹ ሚስት። የሚጠባ ልጅ ታቅፋለች። «ቁርስ ላደርስ መጥቼ።»

«ገድላ ነው ያገኘቻቸው!» ሳሊም ነው፣ ሐጂ ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዱት። «ሬሳውን ስታይ አልጮኸችም። መጀመሪያ ፔርሙሱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፤ ከዚያ ጮኸች። በዓይኔ ነው ያየሁት! ከሷ በቀር ማንም አልገባም። ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪያትና ሬሳችንን ስጡን፤ እንቅበር!»

ደጅ የቆመው ሰው አጉረመረመ። አንዲት ጎረቤት ወደ ዙሌይካ ምራቋን እንትፍ አለች። ወንጌላዊት በሩን ዘጋችባቸው።

ወርክሾፑ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት ማጠፊያ ማሽኑ፣ ከኋላ መጋዘኑ። ወደ መጋዘን የሚያስገባው በር ማጠፊያው አጠገብ ነው፤ ሌላ በር የለም።

«የት ሆነህ አየሃት?»

«እዚህ፣ ማሽኑ ላይ። ከንጋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበርኩ።» ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ግማሽ ክብ ላሜራዎች አሳያት። የአንድ አዲስ ሆቴል አምዶች ማልበሻ ናቸው። ላሜራው ድርብ ነው፤ ከላይና ከታች ስስ አሉሚኒየም፣ መሀሉ ፕላስቲክ። «ይሄን ሁሉ ዛሬ ጧት ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ካላመንሽ ፎርማው ላይ ለኪው።»

ፎርማው የአምዱ ቅርጽ ያለው እንጨት ነው። ወንጌላዊት አንዱን አነሳችና አስቀመጠችበት። ልክ። ሌላውን። ልክ። በመሀል ወረቀት አያስገባም።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«ውሸታም!» አለች ዙሌይካ። «ስገባ ማሽኑ ጋ ማንም አልነበረም።»

«የአባቴን ሱቅ ለዲቃላሽ ልታወርሺ!»

«ሱቁንማ ለምንዳዬ ነው ያሉት። ትናንት ፊትህ ነው የተናገሩት። ሰው እየሰማ!»

ሳሊም ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

ምንዳዬ የሐጂ ዋና ሠራተኛ ናቸው። ከትናንት ቀትር ጀምሮ እናታቸውን ሊጠይቁ እንፍራንዝ ነበሩ። መርዶውን ሰምተው በሚኒባስ መጡ። ሲገቡ ማንንም ሰላም አላሉም።

«አያ ምንዳዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማን ነው ያጠፈው?»

«እኔ። ትናንት ጧት።»

«ይዋሻል!» አለ ሳሊም። «ሱቁን ይፈልጋላ!»

«ማን ገደላቸው ይላሉ?»

«ምነው እኔን ትጠይቂኛለሽ? ደመወዝ የምትበይበት አንቺ።»

ሁለት ሰው፣ አንድ ሥራ። ወንጌላዊት ጊዜ የላትም። አለቃዋ ሁለቴ ደውለዋል፤ «ሰው ተቆጥቷል። እስከ ነገ ጧት ሌላ ካላመጣሽ ሴትዮዋ ትከሰስ» ብለዋታል።

«ሁለታችሁም አንዳንድ እጠፉልኝ» አለች።

ሳሊም ላሜራ አነሳ። ዞር ዞር አለ። «ጓንት ስጡኝ። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል።»

«የራስህስ?»

«ጠፋብኝ።»

ምንዳዬ የራሳቸውን ወረወሩለት። ሳሊም ትንሽ አጠፈ፣ ፎርማው ላይ ለካ፣ ደግሞ አጠፈ። ልክ ሲሆን እጁን አጨበጨበ። ምንዳዬ ፎርማውን ዞረው አላዩትም። አንዴ አጠፉና ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። አፉ ጠቧል፤ ፎርማው ላይ አልቀመጥ አለ።

ሳሊም ሳቀ። «አባቴ ሱቁን ሊሰጠው የነበረው ለዚህ ነው!»

«ሳቅ» አሉ ምንዳዬ። ሌላ አልጨመሩም።

ወንጌላዊት ሁለቱን አዲሶችና ከጠረጴዛው አንዱን ለየች፤ ወረቀት ለጥፋ አስፈረመችባቸው። ወርክሾፑን ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ነገ ጧት ሁላችሁም እዚህ።»

ሐጂ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ዙሌይካ ከነልጇ ፖሊስ ጣቢያ አደረች።

ጧት ሁሉም መጡ። ዙሌይካ በሁለት ፖሊስ መሀል ገባች። ምራቋን የተፋችው ጎረቤት በሩ ላይ ቆማለች።

«ይሄ ሳሊም ያጠፈው ነው።» ወንጌላዊት ፎርማው ላይ አስቀመጠችው። ጠርዞቹ ከእንጨቱ ተነስተዋል። ጣት ያስገባል።

«ነክተሽዋል!»

«ፊርማህ ያው። ይሄ ደግሞ የአያ ምንዳዬ።» ትናንት አልገባም ያለው ልክ ተቀመጠ። «አያ ምንዳዬ፣ ይንገሩት።»

«ምኑን? አባቱ ስንቴ ነገሩት። አሉሚኒየሙ ከታጠፈ ታጠፈ። ፕላስቲኩ ግን ያኮርፋል፤ ሌሊቱን ቀስ እያለ መልሶ ይከፍተዋል። ስለዚህ አጥብበህ ታጥፋለህ፤ ሲያድር ልኩ ላይ ይመጣል። እኛ ቤት ላሜራ ሳያድር አይለካም።»

ወንጌላዊት ሦስተኛውን አስቀመጠች። ከጠረጴዛው የተነሳውን። ልክ።

«ይሄ ትናንትም ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው። አንተ ትናንት አጥፈኸው ቢሆን ዛሬ ይከፈት ነበር። አያ ምንዳዬ ትናንት አጥፈውት ቢሆን ትናንት ይጠብ ነበር። ሁለቱንም ቀን ልክ የሆነው ትናንት ከመንጋቱ በፊት ታጥፎ ስላደረ ነው። ያንተ ሥራ አይደለም። ማሽኑ ላይ አልነበርክም።»

«እና ምን ይሁን? ሰው ይሳሳታል!»

«ፔርሙሱን ስታስቀምጥ አይቻታለሁ ብለሃል።»

«ቀስ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት» አለች ዙሌይካ። «ወድቀው የታመሙ መስሎኝ ነበር። ደሙን ያየሁት ከዚያ ነው።»

«አየህ? እውነትህን ነው፤ አይተሃታል። መጋዘኑ ከሁለት ቦታ ነው የሚታየው። ከማሽኑ፣ ወይም እዚያው ውስጥ ከላሜራው ክምር ጀርባ። ማሽኑ ላይ አልነበርክም። ገድለህ ሳትወጣ መጣችብህ፤ ተደበቅክ። ጮኻ ወደ ደጅ ስትሮጥ ወጣህ።»

ለፖሊሱ ራሷን ነቀነቀችለት። ፖሊሱ ፌስታል ፈታ። ጓንት ነው፤ ማታ ከጓሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ የወጣ። ደም ደርቆበታል። አንጓው ጋ የሳሊም ስም በቀለም ተጽፏል።

ሳሊም ጓንቱን አላየም። ፎርማውን ነው የሚያየው።

«አባቴ ሠርተህ አታውቅም አለኝ» አለ። «በሰው ፊት! ላሜራው እንኳ ይታዘብሃል አለኝ! የሚያድር መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«በየቀኑ» አሉ ምንዳዬ።

በካቴና ወሰዱት። ዙሌይካ ልጇን አስተካክላ አቀፈችና ወጣች። ጎረቤቷ ሻሿን እየነካካች መንገድ ለቀቀች።

«ምነው?» አለቻት ዙሌይካ። «ዛሬ ምራቅሽ አለቀ?»